ከአፍ ከወጣ አፋፍ፦ ሽቦና ራዲዮ በአራት ጦርነቶቻችን

የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም. ከዓድዋ በስተምሥራቅ ሳውሪያ ላይ ለሰፈረው የጣሊያን ጦር አዛዥ፣ ለጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ፣ ከሮም አንድ ቴሌግራም ተላከለት። ላኪው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፤ ለተቀባዩ ግን ከመድፍ ይከብዳል። ክሪስፒ የጄኔራሉን ዘመቻ ሰውን ቀስ በቀስ ከሚጨርስ የሳንባ በሽታ ጋር አመሳስሎ ጦርነት ሊባል እንደማይችል ነገረው። የሠራዊቱን ክብርና የዘውዱን ዝና ለማዳን መንግሥት ማንኛውንም መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ መሆኑንም ጨመረበት።

ከአምስት ቀን በኋላ ያ ሠራዊት ተበትኖ ነበር።

የዓድዋን ድል ስናነሣ የጀግኖቻችንን ጎራዴና ጋሻ፣ የእቴጌ ጣይቱን ብልሃት፣ የገበየሁን መሰል አርበኞች ተጋድሎ እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። በዚያው ጦርነት ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ የነበረውን ድርሻ ግን እምብዛም አናወሳም። ከዓድዋ በፊትም ሆነ በኋላ ኢትዮጵያ ባደረገቻቸው ታላላቅ ጦርነቶች ከወታደሩ ጎን ሌላ ትግል ሲካሄድ ኖሯል፤ ማን ቀድሞ ሰማ፣ ማን ሰምቶ ዝም አለ፣ ማን የማይገባውን ተናገረ የሚል ትግል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሐሜት ቢመስልም፣ ለጦር ሜዳ መልእክት ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም።

መልስ ያጣው ደብዳቤ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ደብዳቤ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው በጥቂት ወራት ውስጥ ለንደን ደረሰ። ደርሶም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች መካከል ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ፤ መልስ የለም። ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የንግሥቲቱ መልስ በመልእክተኛዋ በሆርሙዝ ራሳም እጅ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ። ያን ጊዜ ቂሙ ሥር ሰዶ ነበር።

እስረኞቹ መቅደላ ላይ በሰንሰለት ታስረው ሳለ እንኳ ከምጽዋ ጋር ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤውን የሚያመላልሱት ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ነበሩ። ወረቀቱን በልብሳቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ሽፍታውንና ኬላ ጠባቂውን አልፈው፣ ተራራ ወጥተው በረሃ ወርደው በእግራቸው ያደርሳሉ። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ሞት ነው። የብዙዎቹ ስም በማንም ድርሳን ላይ አልሰፈረም።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝ የመለሰችው በጦር ነው። በ1860 ዓ.ም. ሰር ሮበርት ናፒየር ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደር ከሕንድ አምጥቶ ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ አራገፈ። አብረውት 44 ዝሆኖች፣ የባሕር ውኃ አጣርተው የሚያጠጡ መሣሪያዎች፣ አጭር የባቡር ሐዲድ፣ እንዲሁም የቴሌግራፍ ሽቦ ነበሩ። መሐንዲሶቹ ሽቦውን ከባሕር ዳርቻው ወደ ደጋው እየዘረጉ ሄዱ። ወደ ውስጥ የገባው ጦር የሚያስፈልገውን ስንቅና በቅሎ በሽቦ እየጠየቀ ይጓዝ ጀመር። ለአገራችን ሰው ይህ አዲስ ነገር ነበር። ቀድሞ መልእክት የሚሄደው የፈረስና የሰው እግር በቻለው መጠን ነው፤ አሁን ግን ጦሩ እየተጓዘም ከኋላው ካለው ሰፈር ጋር ይነጋገራል።

ሽቦው ግን እስከ ለንደን አይደርስም ነበር። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በቀይ ባሕር ወለል የተዘረጋው ኬብል ተበላሽቶ ስለነበር፣ የዙላ ወሬ እስከ ስዊዝ በእንፋሎት መርከብ፣ ከስዊዝ ወዲያ በቴሌግራፍ ይሄዳል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱና መቅደላ ስትወድቅ፣ ዜናውን ለማድረስ የሚደረገው ሩጫም እዚያው ላይ ተጀመረ። የኒውዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ አስቀድሞ ከስዊዝ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር ተነጋግሮ መልእክቱ ከሁሉ በፊት እንዲላክለት ተስማምቶ ነበር። ራሱ እንደተረከው፣ የእርሱ ዜና ካለፈ በኋላ ከእስክንድርያ ወደ ማልታ የሚሄደው ኬብል ተቋረጠ፤ የሌሎቹም ዘገባ በመርከብ እስኪጓዝ ዘገየ። የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ ገዛ ጦሩ ድል በመጀመሪያ የሰማው ለአሜሪካ ጋዜጣ ከተላከ ዜና ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። የንጉሥ ደብዳቤ ሦስት ዓመት መልስ አጥቶ ተቀመጠ፤ የንጉሡ ሞት ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ለንደን ገባ። መልእክትን የሚያዘገየው የመንገዱ ርቀት ብቻ እንዳልሆነ፣ ተቀባዩ ለላኪው የሚሰጠው ክብር ከሽቦና ከመርከብ በላይ እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ነጋሪትና ቴሌግራፍ

ወደ ዓድዋ እንመለስ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን ሲያውጁ በእጃቸው የነበረው የጥንቱ መገናኛ ነው። ነጋሪት በየገበያው ተጎሰመ፤ አዋጅ ነጋሪው ጮኸ፤ የሰማው ላልሰማው አሰማ። ወረኢሉ ላይ እንዲከት የታዘዘው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ ሚስትና ልጆቹን አስከትሎ ጎረፈ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ የሚገመት ሠራዊት ትግራይ ደረሰ። ኅዳር 28 ቀን አምባ አላጌ ላይ ጣሊያኖች ተመቱ፤ ቀጥሎም የመቀሌው ምሽግ ውኃው ተይዞበት እጁን ሰጠ።

በጣሊያን በኩል ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣ ወታደራዊ ቴሌግራፍ ነበር። ባራቲየሪ ሳውሪያ ላይ ሆኖ ከሮም ጋር ይነጋገራል። ይህ ትልቅ ብልጫ ይመስላል፤ እርሱን ግን አጠፋው። ሮም የተቀመጠው ፖለቲከኛ የሳውሪያን ገደል አያይም፤ የወታደሩን ስንቅ አይቆጥርም። ፓርላማውንና ጋዜጣውን ያያል። በሽቦው ላይ የሚልከውም ያንኑ ጭንቀት ነው። ባራቲየሪ ስንቁ የቀረው ለጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ እንደሚሻልም አስቦ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊትም ቢሆን ስንቁ እያለቀበት ነበርና ጣሊያኖቹ ጥቂት ቀን ቢታገሡ የጦርነቱ መልክ በተለወጠ ነበር። ግን የክሪስፒ ቃል ያንገበግባል። የካቲት 21 ማታ ባራቲየሪ አራቱን ጄኔራሎቹን፣ አልቤርቶኔን፣ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳንና ኤሌናን ሰብስቦ ሲጠይቃቸው ማፈግፈግን አልተቀበሉም። በማግስቱ ሌሊት ጦሩ ተንቀሳቀሰ።

በምኒልክ ሰፈር በኩል ደግሞ ሌላ መረብ ይሠራ ነበር፤ ሽቦ የሌለው፣ ቃልና እምነት ያለው። ባሻ አውአሎም ሐረጎት ከጣሊያኖች ጋር የወገነ መስሎ ይገባል ይወጣል። የምኒልክ ሠራዊት ቀለብ ፍለጋ ተበትኗል፣ ሰፈሩም ሳስቷል የሚለውን ወሬ ለባራቲየሪ ሰዎች ያደረሱት እርሱና መሰሎቹ ናቸው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል። ባራቲየሪ ግን ሐሳብ ለመጨመር ጊዜ አልነበረውም፤ የሮም ቴሌግራም ጆሮውን ይዞታል፤ የአውአሎም ወሬም ልቡ የሚመኘውን ነገረው።

የዚያች ሌሊት አሳዛኝ ገጽታ ሌላም አለው። ከሮም ጋር በሽቦ የሚነጋገረው ጦር፣ በጨለማ በተራሮቹ መካከል በአራት ምድብ ሲከፋፈል አንዱ ከሌላው የሚገናኝበት ነገር አልነበረውም። በእጃቸው የነበረው የቦታ ንድፍ የተሳሳተ ነበር። አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ሲገሰግስ ከጓደኞቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ኢትዮጵያውያን መካከል ገባ። ነግቶ ጥይት ሲሰማ ባራቲየሪ የትኛው ምድብ የት እንዳለ አያውቅም። ፈረሰኛ መልእክተኞች ተላኩ፤ የዘገዩም፣ መንገድ ላይ የቀሩም ነበሩ። የካቲት 23 ከቀትር በኋላ ሁሉም አበቃ።

የሽንፈቱን ወሬ ወደ ሮም ያደረሰው ያው ቴሌግራፍ ነው። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ክሪስፒ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሥልጣኑ ወረደ። ጄኔራሉን ወደ ገደል የገፋው ሽቦ ገፊውንም አብሮ ጣለው።

ሽቦው አገር ቤት ገባ

ዐፄ ምኒልክ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። ከድሉ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር ሥራ ላይ ዋለ፤ ቀጥሎ በጣሊያኖች የተሠራ ሌላ መስመር አዲስ አበባን ከአስመራ አገናኘ። የዚያ ዘመን ስልክ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ስላልነበረው ንግግሩ በሩቅ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ረዥም መልእክት ከአንዱ ጣቢያ ወደሚቀጥለው በሰው አፍ እየተቀባበለ ይሄድ ነበር። ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ፣ የሰማውን ጽፎ፣ ደግሞ ለሚቀጥለው የሚያሰማው ስልከኛ የመንግሥትን ምሥጢር ከብዙ መኳንንት በፊት ያውቃል። አንዲት ቃል ቢሳሳት ትእዛዝ ይለወጣል። የዚያ ሰው ታማኝነት የአገር ምሰሶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ምኒልክ በዚህ ሽቦ ጠረፍ ካሉ ገዢዎቻቸው ጋር ይነጋገሩ ነበር። ወር ይፈጅ የነበረው ጥያቄና መልስ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት አለቀ። ሽቦው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ወደ ሰሜን የሚሄደው መስመር መድረሻው በዓድዋ የተሸነፈው ጠላት ቅኝ ግዛት ውስጥ ነበር።

ማይጨው፦ አየር ጆሮ አለው

አርባ ዓመት አለፈ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን እንደገና ስትመጣ ሽቦው ብቻውን አልነበረም፤ ራዲዮ መጥቷል። አዲስ አበባ አጠገብ አቃቂ ላይ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ አገሪቱን ከዓለም ጋር አገናኝቷት ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ድምፃቸውን በዚሁ መሣሪያ ለውጭው ዓለም አሰምተዋል። ተንቀሳቃሽ ራዲዮዎችም ወደ ሰሜን ከዘመቱት የጦር አዛዦች ጋር ሄዱ።

ራዲዮ ለእኛ ሠራዊት ተስፋም ወጥመድም ነበር። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። በሽቦ የሚሄድ መልእክት ሽቦውን ካልነካህ አትሰማውም። የራዲዮ ሞገድ ግን ከአንቴናው ከወጣ በኋላ በየአቅጣጫው ይበተናል። ለራስ ካሳ የተላከው ለራስ ካሳ ብቻ አይደርስም፤ በዚያው ሞገድ ላይ መቀበያውን ያስተካከለ ሁሉ ነጥቧንና ሰረዟን አንድ በአንድ ይለቅማል። መከላከያው ምሥጢራዊ ጽሕፈት ብቻ ነው። ጽሕፈቱ ደካማ ከሆነ ወይም ለረዥም ጊዜ ካልተለወጠ፣ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ባለሙያ ይፈታዋል።

የሆነውም ይኸው ነው። በማርሻል ባዶሊዮ ሥር የነበሩ የጣሊያን የራዲዮ አዳማጮች የኢትዮጵያን ጦር መልእክቶች ይለቅሙና ይፈቱ ነበር። ጦሩ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ከላይ ሲደበደብ፣ ሐሳቡም ከአየር ላይ ይሰረቅ ነበር። በየካቲት ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ ሲመቱ፣ ተንቤን ያሉት ራስ ካሳና ራስ ሥዩም፣ ሽሬ ያሉት ራስ እምሩ እርስ በርሳቸው ተቆራርጠው በየተራ ተመቱ። እኛ የወገናችንን ወሬ በእግረኛ ስንጠብቅ ጠላት የእኛን ወሬ በአየር ይሰማ ነበር።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛውን ጨምሮ ወደ 30,000 የሚገመት ሠራዊት ይዘው ማይጨው ላይ ገጠሙ። ወታደሩ ከንጋት እስከ ምሽት እየወደቀ እየተነሣ ተዋጋ። ባዶሊዮ ግን ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ምሽጉን አጠናክሮ ጠበቀ። የዚያን ምሽት ንጉሠ ነገሥቱ የቀኑን ውሎ ለእቴጌ መነን በራዲዮ አስታወቁ። አንድ ባል ለሚስቱ፣ አንድ ንጉሥ ለእቴጌው የላከው የሐዘን ቃል ነው። ያም ቃል በጠላት ጆሮ ገባ፤ ባዶሊዮም በኋላ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሳተመው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ከጋዙ ቀጥሎ የሚያንገበግበኝ እርሱ ነው።

የተገለበጠው ዕጣ

በአምስቱ የወረራ ዓመታት አርበኛው ከማይጨው የተማረ ይመስል ነበር። ጣሊያን ምሽጎቿን በስልክና በራዲዮ ስታያይዝ፣ አርበኛው ሽቦውን በጎራዴ ይቆርጣል፤ የራሱን መልእክት ግን ለሰው ልብ ብቻ አደራ ይሰጣል። የውስጥ አርበኞች በጠላት ዐይን ሥር ሆነው ወሬና ጥይት ወደ ዱር ያሳልፉ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራቸው ተይዘው ጣሊያን አገር ድረስ በግዞት ተወስደዋል፤ ተመልሰውም ትግሉን ቀጥለዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ የሚወጣ ምሥጢር አልነበረም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን አፈር ሲረግጡ፣ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው የጣሊያን ጦር ከአገሩ ተቆርጧል። ከሮም ጋርም ሆነ እርስ በርሱ በሩቅ የሚነጋገርበት ዋና መንገድ ራዲዮ ሆነ። ራዲዮ ደግሞ ጆሮ አለው። ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ ማእከልና ካይሮ ባለው ቅርንጫፍ የተቀመጡ ባለሙያዎች የጣሊያንን የጦርና የአየር ኃይል ምሥጢራዊ ጽሕፈት ፈትተው ያነቡ ነበር። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 በፈጀው የከረን ውጊያ፣ የእንግሊዝ አዛዦች የጣሊያንን እንቅስቃሴና ችግር ከራሱ ከጣሊያን አፍ ይሰሙ ነበር። ማይጨው ላይ የሰማው አሁን ተሰማበት።

ከሁሉም በላይ ግን ልቤን የሚነካው የደብረ ማርቆሱ ስልክ ነው። በመጋቢት መጨረሻ የእንግሊዛዊው መኮንን የኦርድ ዊንጌት ጦር፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮችን አሰልፎ ከአርበኞች ጋር ደብረ ማርቆስ ገባ። ይህ ጦር 2,000 እንኳ የማይሞላ ነበር። በዘመቻው ላይ የነበሩ ሰዎች እንደተረኩት፣ ጣሊያኖች ጥለውት በሄዱት ምሽግ ውስጥ ስልኩ ሳይቆረጥ ቀርቶ ያቃጭላል። ማዶ ያለው ወደ አባይ በኩል የቀረ የጣሊያን ጦር ሰፈር ነው፤ ከተማው በማን እጅ እንዳለ አላወቀም። ዊንጌት ጣሊያንኛ አጥርቶ የሚናገረውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስን ስልኩን እንዲያነሣ አዘዘው። ስቲቨንስ ቀፎውን አነሣ፤ እንደ ጣሊያናዊ ተናገረ። 10,000 የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ እየመጣ ነው፤ ብትችሉ ቶሎ ልቀቁ አላቸው። ማዶ ያሉትም ቃሉን አምነው ለቀቁ፤ ወደ አባይ የሚወስደው መንገድም ተከፈተ።

ያን ሽቦ የዘረጉት ጣሊያኖች ናቸው። ስልኩ የእነርሱ ነው፤ ቋንቋው የእነርሱ ነው። ከ45 ዓመት በፊት ባሻ አውአሎም ሳውሪያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ነፍሱን አስይዞ ያደረሰው ዓይነት ወሬ፣ አሁን በገዛ ሽቧቸው ገባላቸው። የሰሙት መንገድ ተለወጠ እንጂ የተሸነፉበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሚፈሩትን ነገር ሲሰሙ ከየት እንደመጣ አልጠየቁም።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘች በአምስተኛ ዓመቷ፣ ሰንደቅ ዓላማው እንደገና ተሰቀለ። ግንቦት 11 ቀን የጣሊያን ጦር አዛዥ የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ፤ አባቶቻችን በ1888 የመጀመሪያውን ድል ባገኙበት በዚያው ተራራ።

ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ከእነዚያ ጣቢያዎች ሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው መሣሪያ አለ። በአንድ ጠቅታ የምንልከው ወሬ የመቅደላ ዜና ሁለት ሳምንት የፈጀበትን መንገድ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። በግርግር ዘመን ያልተጣራ ወሬ ስንቀባበል ባራቲየሪን እናስታውስ። የሰማውን ሳያጣራ ያመነ ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ ሌሊት ወደ ገደል መርቷል። መቅደላ ላይ ደብዳቤ በልብሳቸው የሸሸጉትን መልእክተኞች፣ ቀፎ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ምሥጢር የጠበቁትን ስልከኞች፣ ማይጨው ላይ ጥይት እየዘነበባቸው ነጥብና ሰረዝ የመቱትን የራዲዮ ሠራተኞችም እናስባቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ፎቶግራፋቸውን ግድግዳው ላይ የሰቀለ ቤተሰብ በየአገሩ ዛሬም አለ። ሄደን እንጠይቃቸው፤ የሰማነውንም እንጻፈው።